ዝናብ ሳይጥል የሚረጥብ ድንኳን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም ከመረጥናቸው ደብዳቤዎች አምስቱን የጻፉልን አዲስ አበባ ዙሪያ ድንኳን ተክለው የሚያድሩ አንባቢያን ናቸው። ሁሉም የሚጠይቁት ስለ እርጥበት በመሆኑ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ቤተሰቡን ይዞ ከከተማው ጫጫታ ወጣ ብሎ ማደርን የመሰለ ዕረፍት ስለሌለ፣ አንድ እርጥብ ሌሊት ማንንም ተስፋ እንዳያስቆርጥ በማሰብ የመጀመሪያውን መልስ ሰፋ አድርገነዋል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴና እኔ ከአገር ሊወጡ ከተነሡ የውጭ አገር ሰዎች በመኪና የሚጎተት ተጣጣፊ ድንኳን ገዛን። ታጥፎ ሲጓዝ ከወገብ የማይበልጥ ሣጥን ነው፤ ሲከፈት ጣሪያው ወደ ላይ ይነሣል፣ ሁለት አልጋዎች ከፊትና ከኋላ ተስበው ይወጣሉ፣ ዙሪያውም በሸራ ይጋረዳል። በኅዳር መጨረሻ ከሦስት ልጆቻችን ጋር ሱሉልታ ሜዳ ላይ ካለው የዘመዶቻችን ማሳ ዳር አደርንበት። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ አንዲት ጠብታ ዝናብ አልጣለም። ሆኖም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትንሿ ልጄ «እማዬ፣ ፊቴ ላይ ውኃ ጠብ አለብኝ» ብላ ቀሰቀሰችኝ። ባትሪ አብርቼ ሳይ ጣሪያው በሙሉ ላብ እንደወጣው ሰው ግንባር ነጠብጣብ አውጥቷል። ሸራ የሚሰፋ ባለሙያ ብናማክር «ያፈስሳል፤ በላዩ ላይ ወፍራም ላስቲክ አልብሱት» አለን። እንደ ምክሩ አለበስነው፤ በሁለተኛው ጉዟችን ግን ጭራሽ ባሰበት። ምን ይሻለናል? (አንዲት እናት፣ ከአዲሱ ገበያ)

መልስ፦ እኅታችን፣ ድንኳንዎ አላፈሰሰም። ልጅዎ ፊት ላይ ጠብ ያለው ውኃ ከአምስታችሁ ትንፋሽና ገላ የወጣ ነው። ባለሙያው በቅን ልቦና የሰጣችሁ ምክር ለምን እንዳባባሰው ከዚህ በታች እንመለስበታለን።

እንጀራ የሚጋግር ሰው ይህን ነገር በየጊዜው ያየዋል። ሊጡ ምጣዱ ላይ ከተዘረጋ በኋላ አክንባሎ ሲደፋበት እንፋሎቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቀዝ ያለውን ክዳን ሲነካም ተመልሶ ውኃ ይሆናል። ክዳኑ የብረት ከሆነ ደግሞ ጠብታው እየተንከባለለ የእንጀራውን ጠርዝ ያረጥበዋል። በድንኳንዎ ውስጥ የሆነውም ይኸው ነው፤ እንፋሎቱን የሚሰጡት የተኙት ሰዎች ሲሆኑ ክዳኑ በሌሊት አየር የቀዘቀዘው ጣሪያና ሸራ ነው።

መጠኑን ማወቅ ጠቃሚ ነው። አንድ ጎልማሳ ተኝቶ ሲያድር በትንፋሹና በቆዳው በኩል ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር የሚደርስ ውኃ በትነት መልክ ያወጣል። ልጆች የሚያወጡት ያነሰ ቢሆንም የአምስት ሰው ቤተሰብ በአንድ ሌሊት ከአንድ ሊትር በላይ ውኃ ወደ ድንኳኑ አየር ይለቃል ብሎ ማሰብ ይቻላል። በሌላ በኩል አየር ሊሸከመው የሚችለው የውኃ ትነት እንደ ሙቀቱ ይለያያል፤ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ያህል ሲይዝ፣ 5 ዲግሪ የቀዘቀዘው ግን ከ7 ግራም ብዙም አያልፍም። የድንኳንዎ የውስጥ ስፋት ከነአልጋዎቹ 20 ሜትር ኩብ ነው ብንል፣ በንጋት ቅዝቃዜ ጊዜ ያ ሁሉ አየር የሚሸከመው 140 ግራም ብቻ፣ ማለትም ሁለት የቡና ሲኒ ያህል ነው። የተረፈው ውኃ መውጫ ካላገኘ ከጣሪያው፣ ከብረቱ ዘንግና ከብርድ ልብሱ ሌላ ማረፊያ የለውም።

በክረምት ሳይሆን በበጋ፣ ያውም ሰማዩ በጠራበት ሌሊት መሆኑ ግር እንዳሰኝዎት ከደብዳቤዎ ተረድተናል። ምክንያቱ ያው የጠራው ሰማይ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ምድርን እንደ ጋቢ ስለሚሸፍናት ሌሊቱ መጠነኛ ሙቀት ይዞ ያድራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን መሬቱም፣ ሣሩም፣ የድንኳኑም ጣሪያ ቀን የሰበሰቡትን ሙቀት ያለ ከልካይ ወደ ሰማይ ይለቃሉ፤ በዚህም የተነሣ ጣሪያው ከዙሪያው አየር እንኳ በልጦ ይቀዘቅዛል። ጠዋት የመኪናዎ ጣሪያ በጤዛ ተሸፍኖ የመኪናው ሆድ ደረቅ ሆኖ የሚገኘው በዚሁ ምክንያት ነው። በዚያ ላይ ያደራችሁበት ቦታ አለ። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ስለሚከብድ ሌሊት እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈስሳል፤ ከእንጦጦ ጀርባና ከዙሪያው ኮረብቶች የሚወርደው ብርድ የሚተኛው ደግሞ ሜዳው ላይ ነው። ዘመዶቻችሁን ብትጠይቋቸው ውርጭ ከእርሻቸው የትኛውን ክፍል ቀድሞ እንደሚመታ ይነግሯችኋል፤ ከዚያ ቦታ ራቁ።

አሁን ወደ ላስቲኩ እንመለስ። የጥጥ ሸራ በድርና በማጉ መካከል ጥቂት ትነት ወደ ውጭ ያሳልፋል። ላስቲክ ግን ምንም አያሳልፍም፤ ከሸራው ጋር ተጣብቆ ሲለብስ ያችኑ ጥቂት መውጫ ዘጋባችሁ። ላስቲኩን ያንሡት። ከጤዛና ከብርድ የሚከላከል ነገር ከላይ መዘርጋት ከፈለጉ ከጣሪያው ቢያንስ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ በገመድ የተወጠረ ሸራ ይሁን፤ በመካከሉ አየር እየተመላለሰ፣ ጣሪያውም ከሰማዩ ተጋርዶ ቅዝቃዜው ይቀንስለታል።

ባለሙያው ተሳስቷል ስንል በቃላችን ብቻ እንዲያምኑን አንፈልግም። አንድ የጠራ ሌሊት ድንኳኑን በግቢያችሁ ተክላችሁ ማንም ሳይተኛበት ዘግታችሁት እደሩ። ጠዋት ውጪው በጤዛ ርሶ ውስጡ ደረቅ ከሆነ ውኃው የእናንተው ትንፋሽ ነበር ማለት ነው። እውነተኛ ማፍሰስ ከዚህ ይለያል፤ ዝናብ ሲጥል ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜም በስፌት መሥመር፣ በዚፕ ጠርዝ ወይም በታጠፈበት ማዕዘን አንድ ቦታ ላይ ይታያል እንጂ ጣሪያውን እኩል አያለብሰውም።

መፍትሔው ብዙ ሰው ሲሰማው የሚያመነታበት ነው፤ ቢበርድም ድንኳኑ ተከፍቶ ይታደር። የዚህ ዓምድ ጸሐፊ በመናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ከሁለት ወዳጆቹ ጋር ሁለት ሌሊት በተመሳሳይ ድንኳን አድሯል። በመጀመሪያው ሌሊት ብርዱን ፈርተን ዚፖቹን ሁሉ ዘጋናቸው። ጎሕ ሲቀድ ጣሪያውን የሚሸከመው የአልሙኒየም ዘንግ ከዳር እስከ ዳር ጠብታ ተሸክሞ ነበር፤ በጣት ሲነካ ጠብታዎቹ እየተያያዙ ወርደው በብርድ ልብሱ ላይ ጥቁር መሥመር ሠሩ። ጣሪያውን ያበስንበትን ጨርቅ ስንጨምቀው የቆርቆሮ ኩባያ ከግማሽ በላይ ሞላ። በሁለተኛው ሌሊት በአንዱ ወገን መስኮቱን ከሥር አንድ ስንዝር፣ በተቃራኒው ወገን ደግሞ ከላይ ከጣሪያው አጠገብ አንድ ስንዝር ከፍተን ተኛን። ሞቃቱና እርጥቡ አየር በላይኛው ሲወጣ ደረቁ በታችኛው እየገባ አደረ። ጠዋት ዘንጉ ላይ እዚህም እዚያም ቀጭን ጤዛ ከመታየቱ በቀር ጣሪያው ደረቅ ነበር። ብርዱን በተመለከተ ልዩነቱ ከጠበቅነው በታች ነበር፤ እንዲያውም ደረቅ ብርድ ልብስ ከእርጥቡ ይልቅ ስለሚያሞቅ ከመጀመሪያው ሌሊት የተሻለ እንቅልፍ ተኝተናል። የመክፈቻዎቹን ቦታ አጥብቀን የምናሳስበው አንድ መስኮት ብቻውን እምብዛም ስለማይረዳ ነው፤ መግቢያና መውጫ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። መስኮቱ የትንኝ መረብ ካለው መረቡ ተዘግቶ ይቆይ።

የቀረው ትነቱን ከመነሻው መቀነስ ነው። ወጡም፣ ሻዩም፣ ጀበናውም ከድንኳኑ ውጭ ይጣዱ። የረጠበ ካልሲ፣ ጭቃ የነካው ጫማና የልጆች ፎጣ በር ላይ በተወጠረ ሸራ ሥር ወይም መኪናው ውስጥ ይደር። ጠብታ የሚያወርዱትን የብረት ዘንጎች ስስ ስፖንጅ ወይም አሮጌ የሹራብ እጅጌ ቢያለብሷቸው ልጅዎ ዳግም በጠብታ አትቀሰቀስም።

ቦታ ሲመርጡም ከሜዳው ወደ ኮረብታው ወገብ ጥቂት ከፍ ይበሉ። መረሬ አፈር ውኃ ይዞ ስለሚቆይ ቀይ አፈር ወይም ጠጠራማ መሬት ይሻላል። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተተከለ የሚነገርለት የመናገሻ ሱባ የጽድ ደን ለዚህ የተመቸ የሚሆነው ረዣዥሞቹ ዛፎች የድንኳኑን ጣሪያ ከጠራው ሰማይ ስለሚጋርዱት ነው፤ በዛፎቹ መካከል ያለው ገላጣ ሣር በጤዛ ርሶ ሲያድር ከዛፎቹ ሥር ያለው ደረቅ ሆኖ ይገኛል። የደረቀ ቅርንጫፍ ከተንጠለጠለበት ዛፍ ሥር ግን ፈጽሞ አይትከሉ።

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኞቼ ወጨጫ ተራራ ግርጌ ስናድር ድንኳናችን እየረጠበ ስላስቸገረን ከመተኛታችን በፊት የከሰል ማንደጃ አስገብተን እናደርቀዋለን። ከሰሉ ጭሱን ከጨረሰ በኋላ ነው የምናስገባው። ጉዳት አለው? (ወጣት አንባቢ፣ ከሰበታ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ይህን ከዛሬ ጀምራችሁ ተዉት። የከሰል ፍም ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፤ በደም ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ስለሚይዘው ሰው እየተነፈሰ ኦክስጅን ያጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና ድካም ምልክቶቹ ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ከእንቅልፉ ሳይነቃ ይቀራል። አመድ የለበሰ፣ የጠፋ የሚመስል ፍምም ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። «መስኮት ከፍተናል» ማለትም ዋስትና አይሆንም፤ የሸራ ድንኳን ለፍም የሚበቃ የአየር ዝውውር የለውም። ከእናንተ አንዱ በእንዲህ ያለ ድንኳን ውስጥ ራሱን ካመመው ሁላችሁም ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ፣ ፍሙንም አስወጡ፤ ሕመሙ ቀለል ቢለው እንኳ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

የጋዝ ምድጃም ያው ነው። ከካርቦን ሞኖክሳይዱ በተጨማሪ ነዳጁ ራሱ ሲነድ ውኃ ይሠራል፤ አንድ ኪሎ የማብሰያ ጋዝ ሲቃጠል ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ የውኃ ትነት ይወጣዋል። ስለዚህ ለማድረቅ ተብሎ የሚለኮሰው እሳት ድንኳኑን ለጊዜው አሙቆ በኋላ ያረጥበዋል። ሙቀት ለማግኘት ውጭ በእሳቱ ዳር ትኩስ ነገር ብሉ፣ ውኃ አፍልታችሁ ክዳኑ በማያፈስ ጠንካራ ዕቃ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከእግራችሁ ሥር አድርጉት፣ የሱፍ ቆብ አጥልቃችሁ ተኙ። ከሥራችሁ የምታነጥፉት ከላይ ከምትደርቡት ባልተናነሰ ይጠቅማችኋል።

ጥያቄ፦ የእኔም ድንኳን ተጎታች ነው። ጣሪያው ደረቅ ሆኖ ሳለ ፍራሹን ሳነሣው ከሥሩ እርጥብ ነው፤ አሁንማ ጥቁር ነጥብ ማውጣት ጀምሯል። ውኃው ከየት ገባ? (አንባቢ፣ ከሆለታ)

መልስ፦ ከላይ ነው የገባው፤ ከእርስዎ ገላ። ተስበው የሚወጡት አልጋዎች ከተጎታቹ አካል ውጭ በአየር ላይ ተንጠልጥለው ስለሚያድሩ የሌሊቱ ብርድ ጣውላውን ከሥር ያቀዘቅዘዋል። ገላዎ የሚያወጣው ሞቃት ትነት በስፖንጁ ውስጥ ሰርጎ ይወርድና ቀዝቃዛው ጣውላ ጋ ሲደርስ ውኃ ይሆናል። ላስቲክ ከሥር ማንጠፍ አይረዳም፤ ውኃው ላስቲኩ ላይ ይጠራቀማል። የሚረዳው በፍራሹና በጣውላው መካከል አየር የሚመላለስበት ክፍተት መፍጠር ነው፤ ከቀጫጭን እንጨት እንደ ርብራብ ማሠራት ይችላሉ፣ ካልሆነም የሸንበቆ ምንጣፍ ያንጥፉ። ከጣውላው ሥር በውጭ በኩል አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠጣር ስፖንጅ ቢያስሩ ብርዱም ይቀንሳል። ጠዋት ከእንቅልፍዎ ሲነሡ ፍራሹን በጎኑ አቁመው ፀሐይ እስኪያገኘው ይተዉት። ጥቁር ነጥብ ያወጣውን ልባስ አውልቀው ይጠቡት፤ ሻጋታው ወደ ስፖንጁ ዘልቆ ከሆነ ግን፣ በተለይ አስም ያለበት ሰው የሚተኛበት ከሆነ፣ ስፖንጁን መቀየር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጨው በሳሕን አድርጎ ማሳደር እርጥበት ይስባል የሚባለው እውነት ነው? (አንባቢ፣ ከቡራዩ)

መልስ፦ ይስባል፤ ነገር ግን የገበታ ጨው እርጥበት መሳብ የሚጀምረው የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ75 በመቶ ሲያልፍ ነው፤ የሚስበውም በዝግታ በመሆኑ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሱትን አይችለውም። በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡት ትናንሽ የሲሊካ ከረጢቶችና ካልሲየም ክሎራይድ ከጨው የተሻሉ ናቸው፤ እነሱም የሚጠቅሙት ታጥፎ ለተቀመጠ ደረቅ ተጎታች እንጂ ሰው ለሚያድርበት አይደለም።

ጥያቄ፦ ድንኳኔን ሰኔ ላይ አጥፌ ግቢዬ አስቀመጥኩት። መስከረም ላይ ስከፍተው ሸራው በጥቁር ነጠብጣብ ተሞልቷል፤ ሽታውም አያስቀርብም። በበረኪና ልጠበው? (አንባቢ፣ ከለገጣፎ)

መልስ፦ በበረኪና አይጠቡት። በረኪና የጥጥ ክር ይበላል፤ ሸራው ነጥቶ ቢያምርም በሚቀጥለው ንፋስ ይቀደዳል። የዱቄት ሳሙናም ውኃ እንዳያስገባ የተቀባውን ያጥበዋል። ነፋሻ ቦታ ላይ ዘርግተው፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ የደረቀውን ሻጋታ በመጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት። ከዚያም አቼቶና ውኃ እኩል ቀላቅለው በማይታይ ጥግ ላይ ይሞክሩ፤ ቀለሙን ካልለቀቀ ነጠብጣቡን በሙሉ በዚያ ያርሱት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁት፣ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ያስጡት። ሽታው ይለቃል፤ የጥቁሩ ምልክት ግን በከፊል ሊቀር ይችላል፣ ሸራውንም ከአገልግሎት አያስወጣውም። በመጨረሻ ውኃ የማያስገባ የሸራ ቅባት መልሰው ይቀቡት።

ለከርሞ ግን ትኩስ እንጀራ ሰፌድ ላይ ሳይበርድ ሞሶብ ውስጥ ቢከተት ምን እንደሚሆን ያስቡ። ሸራም እርጥበቱን ይዞ ከታጠፈ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሻጋታ መያዝ ይጀምራል። ጠዋት በጤዛ ርሶ ማጠፍ ግድ ከሆነብዎ ቤትዎ እንደደረሱ በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግሥቱ መልሰው ይክፈቱት። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ሁለት የፀሐይ ቀን ሙሉ ተከፍቶ ይዋል፤ ስፌቶቹና የዚፑ ሥር ከሌላው ዘግይተው ስለሚደርቁ እጅዎን ሰድደው ይዳስሷቸው። በክረምቱም መካከል ፀሐይ የወጣበት ቀን ሲገኝ ለጥቂት ሰዓት ያናፍሱት። ከማጠፍዎ በፊት ፊትዎን ወደ ሸራው አስጠግተው ያሽትቱ፤ የምድር ቤት ሽታ ካለው ገና አልደረቀምና እንደገና ይዘርጉት።